የሌሊት ጆቦችን በጠባያቸው መመደብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ሜይንፍሬም (የትላልቅ ድርጅቶች ማዕከላዊ ኮምፒውተር) አቅም ዕቅድ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በየሌሊቱ የሚሮጡትን በሺዎች የሚቆጠሩ ባች ጆቦች፣ ማለትም ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት የሚሮጡ ሥራዎች፣ በክላስተር ትንተና (ተመሳሳዮችን በአንድ ቡድን በሚሰበስብ ስሌት) እንዴት እንመድባቸው የሚል ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥመው ስሕተት በአብዛኛው የሚሠራው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መረጃው በሚሰናዳበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለዝግጅቱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሜይንፍሬም አቅም ክትትል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የኤስኤምኤፍ (የሜይንፍሬሙ የአሠራር መዝገብ) ሬከርድ ዓይነቶች ብዛት አደናገረኝ፤ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከዓይነት 30 ይጀምሩ። የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዚ/ኦኤስ ስለ እያንዳንዱ ጆብ የሚጽፈው የፍጆታ መዝገብ ይህ ነው። ንዑስ ዓይነት 4 አንድ ስቴፕ (የጆቡ አንድ ደረጃ) ሲያልቅ፣ ንዑስ ዓይነት 5 ደግሞ ጆቡ በሙሉ ሲያልቅ ይጻፋል፤ ንዑስ ዓይነት 2 ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ በየጊዜ ክፍተቱ፣ ንዑስ ዓይነት 3 ደግሞ ስቴፑ ሲያልቅ ለመጨረሻው ክፍተት የሚመዘገቡ ናቸው። አንድ የሲፒዩ ሰከንድ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተደጋግሞ ስለሚታይ፣ ንዑስ ዓይነቶቹን ሳይለዩ የደመሩ እንደሆነ ፍጆታው ከእውነተኛው በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ በልጦ ይወጣል። በመሆኑም አንዱን ብቻ መርጠው በእሱ ይጽኑ።

ከሬከርዱ የሚያስፈልጉዎት የቲሲቢና የኤስአርቢ (የተራ ተግባርና የሲስተም አገልግሎት) ሲፒዩ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ሥራዎች በተለየው በዚፕ ፕሮሰሰር ላይ የዋለው ጊዜ፣ የኤክስሲፒ (የግብዓትና ውጤት ጥያቄ) ቁጥርና የቴፕ ጭነት ብዛት ናቸው። የቲሲቢና የኤስአርቢ ጊዜ የሚመዘገበው በሰከንድ መቶኛ መሆኑን አይዘንጉ። የጆብ ስም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ ያው ስም በየቀኑ ይመላለሳልና። ስሙን፣ ጆቡ ወደ ሲስተሙ የገባበትን ቀንና ሰዓት እንዲሁም የሲስተሙን መለያ በአንድነት ሲይዙ ግን እያንዳንዱ ሩጫ ለብቻው ይለያል።

ጥያቄ፦ የምንመድበው ጆቡን ነው ወይስ ስቴፑን? ቡድናችን በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል።

መልስ፦ ይህን የሚወስነው የትንተናው ዓላማ ነው። የጊዜ ሰሌዳ ለማስተካከል ወይም የወርክሎድ ማኔጀር (የሥራዎችን ቅድሚያ የሚመራው የዚ/ኦኤስ ክፍል) ምድብ ለመወሰን ከሆነ ጆቡ ይበልጣል፤ ሁለቱም የሚያስተዳድሩት ጆብን ነውና። ፕሮግራሞችን ለማሻሻል ከሆነ ግን ስቴፑ ይሻላል፤ ምክንያቱም አንድ ጆብ በመጀመሪያው ስቴፕ ፋይል ሊደረድር፣ በሁለተኛው ዲቢ2 የሚባለውን ዳታቤዝ ሊያድስ፣ በሦስተኛው ሪፖርት ሊያወጣ ይችላል፤ ሦስቱን ስንደምራቸው የአንዳቸውንም መልክ የማይመስል ነገር እናገኛለን።

ስቴፕን ከመረጡ አስቀድመው ሁለት ጉዳዮችን ይመልከቱ። አንደኛው፣ አይኢኤፍቢአር14 የሚባለው ምንም ሥራ የማይሠራ፣ ዳታሴት (የሜይንፍሬም ፋይል) ለመፍጠርና ለመሰረዝ ብቻ የሚጠራ ፕሮግራም ነው፤ ካላወጡት ራሱን የቻለ ትልቅ ክላስተር ይሠራብዎታል። በኮንዲሽን ኮድ (በቀደሙት ስቴፖች ውጤት) ሳይሮጡ የታለፉ ስቴፖችም እንዲሁ ዜሮ ብቻ ይዘው ይገኛሉ። ሁለተኛው፣ በፕሮግራም ስም አይታመኑ። የዲቢ2 ባች ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚሮጡት በአይኬጄኢኤፍቲ01 (ሌሎችን በሚያስጀምር ፕሮግራም) ሥር ስለሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የተለያዩ ፕሮግራሞች በዚህ አንድ ስም ተሸፍነው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ኬ-ሚንስ የሚባለውን የክላስተር ስሌት በፓይተን ሞከርኩት። አንድ ክላስተር ከ95 በመቶ በላይ የሆኑትን ጆቦች ሰበሰበ፤ የቀሩት ክላስተሮች ጥቂት ጥቂት ጆቦች ብቻ ደረሷቸው። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ቁጥሮቹን እንዳሉ እንዳስገቧቸው እገምታለሁ። በአንዱ ዓምድ በጣሳ፣ በሌላው በኩንታል የተሰፈረን እህል ያለ ምጣኔ እንደማነጻጸር ነው። ሦስት ጆቦች እንውሰድ፦ የመጀመሪያው 2 የሲፒዩ ሰከንድና 3,000 ኤክስሲፒ፣ ሁለተኛው 200 ሰከንድና 3,500 ኤክስሲፒ፣ ሦስተኛው 2 ሰከንድና 90,000 ኤክስሲፒ ይጠቀማሉ። በጥሬ ቁጥር በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት 538 ገደማ ሲሆን በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው 87,000 ነው። ለስሌቱ እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንታ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው መቶ እጥፍ ሲፒዩ የሚበላ ጆብ ነው።

አሁን በ10 መሠረት ሎጋሪዝም እንውሰድ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት 2.0፣ በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው 1.48 ገደማ ይሆናል፤ ሁለቱም ልዩነቶች በተመጣጠነ ዓይን ታዩ ማለት ነው። ሎጋሪዝሙ ከተወሰደ በኋላ ከእያንዳንዱ ዓምድ ቁጥሮች የዓምዱን አማካይ ቀንሰው በመደበኛ ልይይቱ ያካፍሏቸው። የብዙ ጆቦች የዚፕ ጊዜ ዜሮ ስለሆነና የዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለ፣ በእሱ ምትክ ዚፕ ከጠቅላላው ሲፒዩ የያዘውን ድርሻ ከ0 እስከ 1 ባለው መጠን መጠቀም ይመረጣል።

ጆቡ የፈጀውን የሰዓት ርዝመት ግን እንደ መለኪያ እንዳያስገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። በውስጡ የዳታሴት ወረፋ፣ የቴፕ ጥበቃ፣ ሲፒዩ በሌላ ሥራ ሲያዝ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ተደባልቋል፤ የሚነግርዎት ስለ ሌሊቱ መጨናነቅ እንጂ ስለ ጆቡ ተፈጥሮ አይደለም። ኤክስሲፒንና የግብዓትና ውጤት ጊዜን በአንድነት ማስገባትም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መመዘን ነው፤ አንዱን ይተዉ። በአቤንድ (ባልተጠበቀ ስሕተት) የተቋረጡ ሩጫዎችንም ያውጧቸው።

ጥያቄ፦ የክላስተሩን ቁጥር በምን ልወስን? አለቃዬ አምስት ይሁን ብለውኛል።

መልስ፦ አምስት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥሩን መረጃው ያሳየን። ፒተር ሩሲው በ1987 ያቀረቡት የሲሉዌት መለኪያ እያንዳንዱ ጆብ ለራሱ ክላስተር ምን ያህል እንደሚቀርብ ከ-1 እስከ 1 ባለው መጠን ይነግራል። ከ3 እስከ 15 ያሉትን ቁጥሮች ይሞክሩና አማካዩን ያወዳድሩ። ኬ-ሚንስ በዘፈቀደ ከተመረጠ መነሻ ስለሚጀምር በእያንዳንዱ ቁጥር ደጋግመው ማስኬድ ይኖርብዎታል። ከየትኛውም ክላስተር የራቁ ጥቂት ጆቦች ካሉ ደግሞ፣ በ1996 የቀረበው ዲቢስካን የተባለው ስሌት እነሱን በግድ ሳይመድብ ለብቻቸው ይተዋቸዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ግን ጽናቱን ነው። የአንድን ወር መረጃ መድበው የሚቀጥለውን ወር ለብቻው ይመድቡ፤ ያው ጆብ ከቀድሞ የክላስተር ጓደኞቹ ጋር ካልተገኘ ክላስተሩ አልቆመም።

ከዚያም ለሰው ያሳዩት። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቦታ ከየክላስተሩ 20 የጆብ ስሞች በወረቀት አትሜ የሌሊት ጆቦችን ሰሌዳ ለሚያወጣው ባልደረባዬ ሰጠሁት። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ከአንዱ ስም ላይ ቆመና «ወንድሜ፣ ይህች እዚህ ምን ትሠራለች? በወር መጨረሻ እኮ ሌሊቱን ሙሉ የምትይዘው እሷ ናት» አለኝ። ለእያንዳንዱ የጆብ ስም የወሩን ሩጫዎች ሚዲያን (መካከለኛ ዋጋ) ብቻ ይዤ ስለነበር፣ 21 ቀን ትንሽ ሆና አንድ ቀን ግዙፍ የምትሆነው ጆብ ከትናንሾቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የትልቁን ሩጫ ከሚዲያኑ ጋር ያለውን ጥምርታ አንድ ራሱን የቻለ መለኪያ አድርጌ አስገባለሁ፤ እርስዎም እንዲያደርጉት እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ሬከርዶቹን ወደ ሊኑክስ ሳወርድ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በኋላ ይበላሻሉ።

መልስ፦ የኤስኤምኤፍ ሬከርዶች ርዝመታቸው ይለያያል፤ የእያንዳንዱን ርዝመት የሚነግሩት ከፊት ያሉት 4 ባይቶች ናቸው። ሲያስተላልፉ በባይነሪ ይሁን፣ እነዚያም ባይቶች ከሬከርዱ ጋር እንዲወርዱ ያዝዙ። በጽሑፍ ዓይነት ከላኩት ከሜይንፍሬሙ የፊደል ኮድ ከኢቢሲዲክ ወደ ሊኑክሱ ኮድ ወደ አስኪ ሲለወጥ ቁጥሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ስድስት ጥሩ ክላስተሮች አግኝተናል። ለእያንዳንዱ በወርክሎድ ማኔጀር አንድ አንድ ሰርቪስ ክላስ (የቅድሚያ ግብ የሚሰጠው ምድብ) ልንከፍትለት አስበናል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ጥቂት ይታገሱ። ወርክሎድ ማኔጀር ጆብን የሚመድበው ገና ሳይሮጥ በሚታወቁ ነገሮች፣ ማለትም በጆብ ክላስ፣ በስም፣ በተጠቃሚ መለያና በአካውንቲንግ መረጃ ነው። ምን ያህል ሲፒዩ እንደሚበላ በዚያ ሰዓት አያውቅም። ክላስተሮቻችሁ በእነዚህ ምልክቶች ሊገለጹ ካልቻሉ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ወደ ሥራ አይተረጎምም። ትንሽና ትልቅ ጆብን ለመለየት ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ሰርቪስ ክላስ በርካታ ፔሬድ (ተከታታይ እርከን) ሊኖረው ስለሚችል፣ የተመደበለትን አገልግሎት የጨረሰ ጆብ ራሱ ወደ ዝቅተኛው ፔሬድ ይወርዳል፤ ለዚህ ክላስተር አያስፈልጋችሁም።

ክላስተር የሚያስፈልጋችሁ ጆቡ ከነጋ በኋላ ቢያልቅ የሚጎዳው ሰው ማን ነው የሚለውን ስትጨምሩበት ነው፤ ይህም በኤስኤምኤፍ ውስጥ አይገኝምና የሥራ ክፍሎቹን መጠየቅ ግድ ይላል። አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው ሁለት ጆቦች፣ አንዱ ጠዋት ቅርንጫፎች ከመከፈታቸው በፊት ሊያልቅ የሚገባው፣ ሌላው እስከ ማታ ቢቆይ ማንም የማይጠይቀው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ የአስፈላጊነት ደረጃቸው ከ1 እስከ 5 ባለው መሰላል ላይ በእጅጉ ይራራቃል።

እስከዚያው ድረስ ስድስቱን ክላስተሮች በሪፖርት ክላስ ብቻ ይክፈቷቸው። ሪፖርት ክላስ የጆቦቹን ፍጥነት ፈጽሞ አይነካም፤ ፍጆታቸው ግን በዓይነት 72 ሬከርድ ውስጥ ለየብቻው ይመዘገባል። ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ እንዲያልፍ ያድርጉና ቁጥሮቹን ከክላስተር ትንተናው ጋር ያስተያዩ፤ ሰርቪስ ክላስ የመክፈት ጥያቄውን ከዚያ በኋላ ያንሱት።