መርከቧን ወርዶ የሚያያት ማን ነው?

ወንድሜ፣ «ትንሽ የደሴት አገር የባሕር ትራንስፖርት አስተዳደሯን ለማሻሻል ከየት ትጀምር?» ብለሃል። እኔ ከመርከብ መርማሪው ትጀምር እላለሁ። አዲስ ሕግ ይቆይ።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴት አገር ቶንጋን እይ። ፕሪንሰስ አሺካ የምትባል መርከብ እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2009 ሌሊት ሰጠመች። 74 ሰው አለቀ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓን የተሠራች አሮጌ ነበረች። ከፊጂ ተገዝታ ቶንጋ ከገባች ገና ሳምንታት ቢሆናት ነው። በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ለባሕር ጉዞ ብቁ እንዳልነበረች አረጋገጠ። ይህን ሳስብ ሁሌም ያንገበግበኛል። ዝገቱ እኮ በዓይን የሚታይ ነበር!

መርከቧን ያሰማራው የመንግሥት ኩባንያ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም ያው መንግሥት። ታዲያ መርማሪው በአለቃው ላይ እንዴት ይጨክን? ስለዚህ «ይቺ መርከብ ከወደብ አትወጣም» ሲል ሚኒስትር እንኳ ደውሎ የማያስቀይረው ሥልጣን ይሰጠው።

የባለሙያ እጥረቱ ይገባኛል። መቶ ሺህ ሰው ያላት አገር ስንት የመርከብ መሐንዲስ ታፈራለች? ግን ጎረቤት ደሴቶች መርማሪ ሊዋዋሱ ይችላሉ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ የባለመርከቡ ዘመድ አይሆንም።

የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ነገር ደግሞ አደራ። አሺካ ስትሰጥም ስንት ሰው እንደነበረባት እንኳ ወዲያው ማወቅ አልተቻለም። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሕፃናትም ይመዝገቡ። አንዱ ቅጂ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወደቡ ላይ ይቅር።