አሳታሚውን ተከተል

ጥያቄ፦ አቦ፣ ጋራዥ ሮክ፣ ያ ሸካራና ጥሬ የሮክ ሙዚቃ፣ ነፍሴ ነው። ስልኬ ግን የታወቁትን ብቻ ደጋግሞ ያመጣልኛል። ትንንሾቹ ባንዶች አዲስ ሥራ ሲያወጡ እንዴት ልወቅ? (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባንዱ ይልቅ ሙዚቃውን የሚያወጣለትን አሳታሚ ተከተል። እንዲህ ያሉ ባንዶች ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ልጆቹ በሌላ ስም እዚያው አሳታሚ ዘንድ ብቅ ይላሉ። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ካለው አሳታሚ ከጎነር ሬከርድስ ጀምር። በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው የጃፓኑን ባንድ የጊታር ዉልፍን አልበም አሳትሞ ነው። ሙዚቃ በሚሸጥበት ድረ ገጽ በባንድካምፕ ላይ «ፎሎው» በለው፤ አዲስ ሲወጣ ኢሜይል ይደርስሃል።

ከአልበሙ ሥር የገዙት ሰዎች ትንንሽ ፎቶ ተደርድሯል። አንዱን ንካ፤ የሰውየው ስብስብ በሙሉ ይከፈትልሃል። እኔ ከሰዓት ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የምበረብረው እሱን ነው። ማንም ያልነገረህን ባንድ የምታገኘው እዚያ ነው! ልብህን የነካውን ግን ግዛው። ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ የሚቀዱ ናቸው።