መልስ፦ ሳንቲሙ ጀርባ ላይ ልጆች ታቅፋ የቆመችው ማን ናት?

ሰላም ወንድሜ። በጥንታዊው የሮማ ሳንቲምህ ጀርባ ላይ ሕፃናት ታቅፋ የቆመችው ሴት ንግሥቲቱ ራሷ ናት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለችም። ንግሥቲቱ ፊት በኩል ያለችው፣ ጸጉሯን ማጅራቷ ላይ ጠቅልላ ያሰረችው ዳግማዊት ፋውስቲና ናት፤ የንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ሚስት። የጀርባዋ ፌኩንዲታስ ትባላለች፤ ሮማውያን ወላድነትን በሴት አምሳል የቀረጹባት። ሁለቱን ታቅፋ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ከጎኗ ቆመዋል።

ምስሉ ለጌጥ ብቻ አልተቀረጸም። ፋውስቲና ከአሥር በላይ ልጆች ወልዳ አብዛኞቹን በልጅነታቸው ቀብራለች። እ.ኤ.አ. በ161 መንታ ወንዶች ስትወልድ ዙፋን ላይ የተቀመጡ ሁለት ሕፃናት ያሉበት ሳንቲም ወጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው እሱ ነው። አንዱ በአራት ዓመቱ ገደማ ሞተ፤ ሌላው ኋላ የነገሠው ኮሞደስ ነው። ወራሽ አለ፣ መንግሥቱ አይናወጥም የሚለውን መልእክት ሕዝቡ ገበያ ላይ በእጁ ይዞት ይዞር ነበር።

ከፌኩንዲታስ ግራና ቀኝ ያሉት ኤስ እና ሲ (S፣ C) ፊደላት «በሴኔቱ ውሳኔ» ማለት ናቸው። ሳንቲሙን መዝነው፤ 25 ግራም አካባቢ ከሆነና ቢጫነት ካለው ሴስተርሺየስ የሚባለው ትልቁ የሮማውያን የናስ ሳንቲም ነው። አደራ፣ በሎሚም በሽቦም እንዳትፈትገው! አረንጓዴው ሽፋን ከተላጠ የፊቷ መስመሮች አብረው ይጠፋሉ።