«ስድስት ሳምንት» የተባለው ሥራ በእውነት ስንት ሳምንት ነው?

እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከአገር ቤት የሕግ ዲግሪ፣ ከዚህ ደግሞ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) አለሽ፤ የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደውን የባር ፈተና ገና አልወሰድሽም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትሠሪያለሽ፣ የጤና ኢንሹራንስም አለሽ። አሁን አንድ ኤጀንሲ ዲሲ ውስጥ ለስድስት ሳምንት የዶክመንት ሪቪው አናሊስት ሆነሽ፣ ማለት ለፍርድ ክርክር የተሰበሰቡ ኢሜይሎችንና ሰነዶችን እያነበብሽ ምልክት እየሰጠሽ፣ እንድትሠሪ ጠይቆሻል። ወንድምሽ «ቋሚውን ጥለሽ ወደ ጊዜያዊ?» ብሎ ተቆጥቷል።

ወንድምሽ ክፉ አላሰበም፤ ግን «ቋሚ» የሚለውን ቃል ከአገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዞት ነው የመጣው። እዚህ የሠራተኛ ማኅበር ወይም ውል ከሌለሽ ሆቴሉም በፈለገው ቀን ሊያሰናብትሽ፣ ሰዓትሽንም ከ40 ወደ 24 ሊያወርደው ይችላል። መጠየቅ ያለብሽ ሥራው ስንት ቀን እንደሚቆይና ባለቀ ማግስት ምን እንደምትበዪ ነው።

«ስድስት ሳምንት» የሪክሩተሩ (ለኤጀንሲው ሠራተኛ የሚመለምለው ሰው) ግምት ነው፤ ራስሽ አስዪው። ስንት ዶክመንት እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደሚመደብና ከአንድ ሰው በሰዓት ስንት እንደሚጠበቅ ጠይቂ። 120,000 ዶክመንት፣ 30 ሰው፣ በሰዓት 50 ካሉሽ፣ በ8 ሰዓት ቀን 12,000 ያልቃል። ይህ የ10 ቀን ሥራ ነው፤ ስድስት ሳምንት የሚሆነው ሌላ ዶክመንት ከመጣ ብቻ ነው። ሊያጥርም ይችላል። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በዚያው ቀን ይቆማል። ሶፍትዌሩም እናንተ ከምትሰጡት ምልክት እየተማረ ለክርክሩ የሚያስፈልጉትን ወደ ፊት ያመጣል፤ እነሱ ሲያልቁ ጠበቆቹ ቀሪውን ሰው ሳያነበው ሊተዉት ይችላሉ። ዓርብ ማታ «ከሰኞ ጀምሮ አትምጡ» የሚል ኢሜይል መምጣቱ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ከሆቴሉ ከመልቀቅሽ በፊት የሁለት ወር ቤት ኪራይ በባንክ ይኑርሽ። በየወሩ ለቤተሰብ የምትልኪው 400 ዶላር ይህ እስኪሞላ ይቁም። ጨካኝ ምክር ይመስላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ኪራይ መክፈል ያቃታት ልጅ ማንንም አትረዳም፣ ይህን ለእናትሽ በስልክ አንቺው ንገሪያት። ሆቴሉንም ወደ ቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ያዞሩሽ እንደሆነ ጠይቂ። ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ቀን አንስቶ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ መግዣ) ለመመዝገብ 60 ቀን አለሽ፤ ያ ካለፈ ዓመታዊውን ምዝገባ መጠበቅ ሊመጣ ነው።

ፕሮጀክቱ ባለቀበት ቀን «ለሚቀጥለው ሥራ ዝግጁ ነኝ» ብለሽ ለኤጀንሲው በጽሑፍ ላኪ። በብዙ ስቴቶች ይህን ያላደረገ ሰው ሥራውን በፈቃዱ እንደተወ ሊቆጠርና የሥራ አጥ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ሌሎች ሁለት ኤጀንሲዎች ጋም ከወዲሁ ተመዝገቢ። የእያንዳንዱን ፕሮጀክት የሕግ ቢሮ፣ የተከራካሪዎቹን ስምና ቀኖቹን ጽፈሽ ያዢ፤ ቀጣዩ ኤጀንሲ የጥቅም ግጭት ለማጣራት ይጠይቅሻል። ካላስታወስሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሥራውን በተመለከተ፣ በስክሪኑ በአንድ ወገን ኢሜይል፣ በሌላው ምልክት የምታደርጊባቸው ሳጥኖች አሉ፦ ከክርክሩ ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም፣ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ነው ወይስ አይደለም። ብዙ አዲስ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጠበቃ ስሙ ስላለበት ብቻ ምስጢር አይሆንም፤ የምሳ ቀጠሮ ምስጢር አይደለም። የሕግ ምክር ያለበት ኢሜይል ደግሞ ከድርጅቱ ውጭ ላለ ሰው ኮፒ ከተደረገ ምስጢርነቱን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ኮፒ የተደረገላቸውን ሁሉ ሳታነቢ ወደሚቀጥለው አትለፊ። ኢሜይሉንና አባሪውን ያለ ምክንያት የተለያየ ምልክት መስጠትም ቶሎ የሚታይ ስህተት ነው። ከኋላሽ ሥራሽን ናሙና እየወሰደ የሚመረምር አለ፤ ስህተቷ የበዛ ቀድማ ትሰናበታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከፍጥነት ይልቅ ጥራትሽን ጠብቂ።

ኦቨርታይም፦ ፈቃድ ያለው ጠበቃ የሕግ ሥራ ሲሠራ በፌዴራል ሕግ የኦቨርታይም መብት የለውም። አንቺ ግን ገና ጠበቃ ስላልሆንሽ ከ40 ሰዓት በላይ አንድ ተኩል እንደሚከፈልሽ በጽሑፍ አረጋግጪ። ክፍያውም በዳብሊው ቱ (W-2፣ እንደ ተቀጣሪ) ይሁን እንጂ በቴን ናይንቲ ናይን (1099፣ እንደ ራስሽ ተቋራጭ) እንዳይሆን። አማርኛሽን በማመልከቻው ላይ ጻፊ፤ የአማርኛ ዶክመንት ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን ክፍያው ከእንግሊዝኛው ይሻላል።

እኔ ራሴ ለዓመታት በሰዓት ክፍያ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ለዚህ ሥራ ላደላ እችላለሁ። ግን ውሰጂው የምለው ለባር ፈተናው ገንዘብና ጊዜ ከሰጠሽ ብቻ ነው። ፈተናውን ኒውዮርክ የምትወስጂ ከሆነ ስቴቱ የውጭ አገር ዲግሪሽን መርምሮ ለፈተናው ብቁ መሆንሽን እስኪወስን ወራት ይፈጃል፤ ፈተናው ደግሞ የካቲትና ሐምሌ አካባቢ ነው። የዲግሪ ምርመራውን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት አስገቢ። እስከዚያው ሬዙሜሽ ላይ «ጠበቃ» ብለሽ አትጻፊ፤ ፈቃድ ስታመለክቺ ሥነ ምግባርሽን የሚመረምሩት ሰዎች ያዩታል። ፕሮጀክቶቹንም እያንዳንዳቸውን እንደ ተለያየ ሥራ አትዘርዝሪ፣ በኤጀንሲው ስም ሥር አንድ ላይ አድርጊያቸው።