የላፕቶፔን ማራገቢያ ራሴ ልቆጣጠረው?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ቪዲዮ ሳቀናብር እንደ ምጣድ ይግላል። ጓደኛዬ የማራገቢያውን ፍጥነት በሶፍትዌር ራስህ ጨምረው አለኝ። አይጎዳውም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጨመሩ ብዙም አይጎዳውም። ጩኸቱን ትችላለህ፣ ማራገቢያውም ትንሽ ቶሎ ያረጃል፣ በቃ። እኔን የሚያሰጋኝ መቀነሱ ነው። ድምፁ ረበሸኝ ብለህ ዝቅ አድርገኸው ከረሳኸው፣ ብዙ ፕሮሰሰሮች (የላፕቶፑን ሥራ የሚያስኬዱት ዋና ቺፖች) ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ ሥራህ ይንቀራፈፋል፣ ሲብስም ላፕቶፑ ድርግም ይላል።

ግን መጀመሪያ አቧራውን እይልኝ። የራሴን ከሁለት ዓመት በኋላ ስከፍተው የሙቀት ማስወጫው ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ ነበር፤ በብሩሽ ጠርጌ፣ ሙቀቱን ወደ ማስወጫው እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የደረቀ ፔስት ስቀይረው ከ93 ወደ 78 ዲግሪ ወረደ። አየር መውጫው ከተደፈነ ማራገቢያው ቢፈጥን ምን ዋጋ አለው? አልጋ ላይ አስቀምጠህ የምትሠራ ከሆነም ተው፣ ፍራሹ ከሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ይዘጋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበረደ፣ የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀው ፕሮግራም ካለ በእሱ ተጠቀም፣ ከ70 ዲግሪ ጀምሮም ቶሎ እንዲፈጥን አድርገው። ከዚያ በታች ያለውን ለራሱ ተውለት።