ድምፅ አልባ ድራማ ለመጀመር ይሄን እይ

«ድምፅ አልባ ፊልም ስከፍት እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ኮሜዲ ያልሆነ፣ ልብ የሚይዝ ድራማ አለ?» ላልሽው እህቴ፣ አለ። የኦስካር ሚሾን «ዊዚን አወር ጌትስ» እይ። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር ከሠራቸው ረጅም ፊልሞች መካከል እስከ ዛሬ የተረፈው የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሲልቪያ የምትባል መምህርት በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ያለው የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ 5,000 ዶላር ፍለጋ ቦስተን ትሄዳለች። ኤቭሊን ፕሪር ናት የምትጫወታት። እጇን ብዙ አታወራጭም፤ ዓይኗ ይበቃታል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያው ግራ ያጋባል። ሰው ይበዛል። እኔ ቆም እያደረግኩ ማን ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ስጽፍ ነበር። ብቻ እንዳትተዪው፤ ዋናው ነገር ያለው መጨረሻ ላይ፣ የሲልቪያ ያለፈ ሕይወት ሲተረክ ነው። ጭሰኛው አሳዳጊ አባቷ እሷ የሠራችለትን ሒሳብ ይዞ ባለመሬቱ ቤት ይሄዳል። ባለመሬቱ በሌላ ሰው ጥይት ይሞታል፣ ጣት የሚቀሰረው ግን በአባቷ ላይ ነው። ከዚያ የደቦ ግድያው ይመጣል። የቺካጎ ሳንሱር ቦርድ ፊልሙን መጀመሪያ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተማዋ በ1919 በጋ የዘር ግጭት ካየች ገና ወራት ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ኔድ የሚባለው ሰባኪ ነው። ነጮቹ ፊት ይሽቆጠቆጣል፣ በእርግጫ ሲሉት እንኳ ይስቃል። ወጥቶ በሩን ሲዘጋ ፊቱ ይለወጣል። እንደ ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ መሸጡን ያውቀዋል። ድምፅ ቢኖረው ይሄን ያህል የሚመታ አይመስለኝም።

መሀል ላይ ታሪኩ ከዘለለብሽ ኢንተርኔትሽን አትርገሚ። ፊልሙ ጠፍቶ ኖሮ አንድ ቅጂ ብቻ ስፔን ውስጥ ተገኘ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው በ1993 ያደሰው። የጠፋውን ክፍል በጽሑፍ ሞልተውታል። የምታነቢው ጽሑፍም አብዛኛው ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ስለሆነ አንዳንዴ ቢደርቅብሽ አይግረምሽ።

የቅጂ መብቱ ስላለቀ በነፃ ታገኚዋለሽ፤ ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሙዚቃውን የጫነው ሰው ሁሉ እንደፈለገ ነው የሚጨምርበት። ካልተስማማሽ ዝም አሰኚው፤ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ከወደድሽው ቀጥሎ የዚሁ ዳይሬክተር የ1925ቱ «ቦዲ ኤንድ ሶል» አለልሽ፤ ዘፋኙና ተዋናዩ ፖል ሮብሰን በመጀመሪያ ፊልሙ ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወታል።