ፈሳሽ ስለገባበት ላፕቶፕ ባትሪ ለወጣት ጠጋኞች

ውድ ልጆቼ፣

በድሬዳዋ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ሙያውን ለጀመራችሁ ልጽፍ የወደድሁት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ፈሳሽ ፈስሶበት የመጣ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ታጥቦ፣ ኪቦርዱ ተቀይሮ ስክሪኑ ሲበራ፣ ደንበኛውም እናንተም እፎይ ትላላችሁ። ይሁን እንጂ ማሽኑ መነሳቱ ለባትሪው ደህንነት ምስክር ስለማይሆን፣ ባትሪው ለብቻው መመርመር አለበት።

በእኛ ከተማ ላፕቶፕ ላይ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ውኃ ሳይሆን ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ፣ ሐረር ከሆነም በወተት የተፈላ ሆጃ ነው። ባለቤቱ ፀሐያችንን ተማምኖ ማሽኑን ደጅ ያሰጣዋል፤ ፀሐይዋ ውኃውን ብታደርቅም ስኳሩና ሌላው ቅሪት ቦርዱ ላይ ይቀራል፣ ቆይቶም እርጥበት ባገኘ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የባሰው ጥፋት የሚደርሰው ግን ባትሪው ሳይነቀል ሲቆይ ነው፤ ፈሳሹ ቮልቴጅ ባለበት ቦታ ሲያርፍ መዳቡን ከመደበኛ ዝገት እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይበላዋልና። የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ነቅላችሁ በአጉሊ መነጽር ብትመለከቱ፣ ከፒኖቹ ሥር አረንጓዴ ቅርፊት ታገኙ ይሆናል። እሱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋችሁ ብቻ እንዳትመለሱ፤ የባትሪው መቆጣጠሪያ ቦርድ በጥቁር ቴፕ ተሸፍኖ ከሴሎቹ፣ ማለትም ኃይሉን ከሚያጠራቅሙት የባትሪው ክፍሎች፣ ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ፣ ቴፑ ሻይ ጠጥቶ ይዞ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሴሎቹን ራሳቸውን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፣ አትውጉም።

የተለመደው የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይሆናል። የሦስት ሴል ባትሪ ጠቅላላ ቮልቴጁ ደህና መስሎ ሳለ፣ ሁለቱ 3.9 ሦስተኛው 3.3 ቮልት ላይ ቢገኙ፣ ያ ባትሪ ወደ ማሽኑ መመለስ የለበትም። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ፋብሪካው የሰጠውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ያሳያል፤ ቁጥሩን የሚያነበው ግን እዚያው ባትሪው ውስጥ ያለች ቺፕ በመሆኗ፣ እርሷም ሻይ ከነካት የምትናገረው ሁሉ አይታመንም። ከ60 በመቶ በአንድ ጊዜ ወደ 5 የሚወርድ ባትሪ ካጋጠማችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

በየሱቁ የማየውና ሁልጊዜ የምቃወመው ልማድ አለ፤ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየን ሴል በፓወር ሰፕላይ ቀስቅሶ መመለስ። ሴሉ እንዲህ ሲራቆት ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፣ ዳግመኛ ቻርጅ ሲደረግም በማይገባው ቦታ ተመልሶ ሲረጋ ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ቀስቃሹ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሸኝ፣ አደጋው ደንበኛው ቤት ይገባል።

የሙከራ ቻርጅ ስታደርጉ ሙቀቱን አትርሱ። አፕል ለላፕቶፖቹ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የሰኔ ቀትር እዚህ ከዚያ እንደሚያልፍ ለእናንተ አይነገርም። ሙከራውን አመሻሽ ላይ፣ በሴራሚክ ወለል ላይ፣ ሰው ባለበት አድርጉት። ታችፓዱ አልጫን ካለ ወይም የሥር ክዳኑ ከተነሳ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላልና ቻርጁን ወዲያው አቋርጡ፤ ባትሪውንም ሳትጫኑ አውጥታችሁ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ አስቀምጡት። ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ወስዶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ እዚያ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

አዲስ ባትሪ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዶ መግዛት ለተማሪ ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ «ለጊዜው ይሂድ» የሚላችሁ ደንበኛ አይጠፋም። ድሬ አንቱታ አታበዛምና እንደ ወንድም «ስማ፣ ይህን ባትሪ አልመልስልህም፤ እስክትገዛ ድረስ በቻርጀር ብቻ ተጠቀም» በሉት። አንዳንድ ማሽን ያለ ባትሪ ስለማይነሳ ወይም ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ ይህን ቃል ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው ፊቱ አብሩለት፤ የለካችሁትን ቮልቴጅና ባትሪው የወጣበትን ቀንም በደረሰኙ ላይ ጻፉ።